ልክሽን ማን አየው?

«እትዬ ልኬ» የሚለውን ስም ያወጣንላት እኛ ደንበኞቿ ነን። በልብስ ስፌት ቤቷ ጠባብ በር አንገቷን ያስገባች ሴት ሁሉ ከሰላምታ በፊት የምትጠይቀው «እትዬ፣ ልኬ አለ አይደል?» ብላ ነው። አለ። የሁላችንም አለ። አንዷ ከወለደች በኋላ ስንት እንደጨመረች፣ አንዷ ባሏ ጥሏት ሲሄድ ስንት እንደቀነሰች፣ የማን ትከሻ ወደ ቀኝ እንዳዘነበለ፣ ማን ጀርባዋ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ ስላለባት አንገቱ የተዘጋ ልብስ ብቻ እንደምትለብስ፣ ሁሉም ጥቁር ጠንካራ ሽፋን ባለው አንድ ደብተር ውስጥ በእርሳስ ተጽፎ ነበር።

ስልሳ ሊሞላት ሁለት ዓመት የቀራት ልብስ ሰፊ ናት። ቁመቷ ከመቁረጫ ጠረጴዛዋ እምብዛም አይበልጥም። ሜትሯ ከአንገቷ አይወርድም፤ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ረስታው አንግታው ሄዳ ታውቃለች። ስትለካ አታወራም። ከንፈሯ መሐል ሁለት ሦስት ስፒል ትነክሳለች፣ ሜትሩን ታዞራለች፣ ቁጥሩን ለራሷ በሹክሹክታ ትለዋለች፣ ትጽፋለች፣ ደብተሩን ትዘጋለች። አንድ ጊዜ «ወገቤ ስንት ሆነ?» ብላት ስፒሉን ከአፏ አውጥታ፣ «ቀሚሱ ይበቃሻል» አለችኝ።

ይህ ጠባይ ያለ ምክንያት አልመጣም። የሃያ ዓመት አዲስ ሙሽራ ሳለች አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዳ ነበር። ሰውየው ይለካል፣ ጸሐፊው ከክፍሉ ማዶ ተቀምጦ ይጽፋል። «ወገብ ሰባ ስምንት!» ብሎ ጮኸ ሰውየው። ቀጠለናም፣ «የዛሬ ሁለት ወር ሰባ አራት አልነበርሽ እንዴ? ምን ውጠሽ ነው?» ቤቱ ሙሉ ሳቀ። ተራ ከሚጠብቁት አንዷ የባሏ አክስት ነበረች። ባሏ አባት ሊሆን መሆኑን ከሚስቱ ሳይሆን ከአክስቱ ሰማ። «የመጀመሪያ ልጄን ነገር እኔ አልተናገርኩትም፤ ሜትር ነው የተናገረው» ትላለች፣ ዛሬም ንዴቷ ሳይበርድ።

የራሷን ቤት ስትከፍት ታዲያ ሥራውን በዚያው ንዴት አደራጀችው። ደብተሩ የሚቀመጥበት መሳቢያ ይቆለፋል፤ ቁልፉ በገመድ ወገቧ ላይ ታስሯል። እጅጌ ለምትሰፋዋ ሴት የእጅጌ ልክ ብቻ በብጣሽ ወረቀት ይደርሳታል። ለዘምዛሚዋ የቁመት ብቻ። ብጣሹ ላይ ስም የለም፤ «አርባ ሁለት» ወይም «አርባ ሦስት» የሚል የሥራ ቁጥር ነው ያለው። ልብሱ ሲያልቅ ብጣሹ ይቀደዳል። ልብስ ተኳሹ ጭራሽ ምንም አይደርሰውም። «እኔ ተኳሽ ነኝ፣ ዒላማዬን ስሙን አልጠይቅም» እያለ ይፎክራል፤ ጠመንጃ በእጁ ነክቶ አያውቅም፣ ካውያ ነው።

መምህርቷ የመጣችው የዛሬ ዓመት ገደማ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ታስተምራለች። ለታናሽ ወንድሟ ሠርግ የሚሆን ቀሚስ ፈልጋ ነበር። መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ ልብሷን ሳታወልቅ ብዙ ቆመች። ከዚያ፣ «እትዬ፣ የግራው የለም» አለች።

እትዬ ልኬ ስፒሎቿን ከአፏ አወጣች። ሁለት እጇን አፋትጋ አሞቀችና ለካቻት። ደብተሩ ላይ ከስሟ አጠገብ ሁለት ቃል ጨመረች፤ «ግራ ሙላ»። ከልብሱ ውስጥ በግራ ጡት በኩል ስፖንጅ ይሙላ ማለቷ ነው። ሌላ ሰው ያየዋል ብላ ስላላሰበች እንጂ ከስም አጠገብ ባልጻፈችው።

የመምህርቷ ነገር እንዲህ ነው። ታላቅ እህቷ በዚያው በሽታ ሞታለች፤ እስከ መጨረሻዋ ቀን ያስታመሟት እናታቸው ናቸው። መምህርቷ ቀዶ ጥገናውን ስታደርግ ለእናቷ «ሥልጠና ተላክሁ» ብላ ነው ከቤት የወጣችው። ሐኪሟ ተስፋ ሰጥቷታል፣ ግን የመጨረሻው ምርመራ ከሠርጉ በኋላ ነበር። «ንጹሕ ነሽ የሚለውን ወረቀት በእጄ ይዤ ነው የምነግራት» አለች ለእትዬ ልኬ። «ያለዚያ ሳልሞት ትቀብረኛለች። አደራሽን።» ከሐኪሞቿ ሌላ ይህን የምታውቅ በዓለም ላይ አንድ ሰው፣ እትዬ ልኬ ብቻ ሆነች።

አሁን የእትዬ ልኬ የእህት ልጅ ይገባል። ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው። የእትዬ ልኬ ዓይን እየደከመ ሲሄድ እህቷ «ያግዝሽ» ብላ ላከችው። ሠራተኞቹ «ማናጀሩ» ይሉታል፤ ፊት ለፊት በአክብሮት፣ ዞር ሲል በሳቅ። ክፉ ሰው አይደለም። እኔንም የሚያናድደኝ ይኸው ነው፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ይጠነቀቀው ነበር።

ብጣሽ ወረቀቱ ሲያበሳጨው ከረመ።

«አክስቴ፣ በዚህ ዘመን! ጥልፍ ጠላፊዋ ትደውላለች፣ እጅጌ ሰፊዋ ትጣራለች፣ ጨርቅ ነጋዴው ስንት ልቁረጥ ይላል። ሁሉም አንቺን ሲጠብቅ ይውላል። ደብተሩን አንዴ ፎቶ አንስቼ ብልክላቸው ተገላገልን!»

«አይሆንም።»

«ለምን?»

«እነሱ ለምን ያዩታል?»

«ቢያዩትስ ምን ይሆናል?»

«የጠየቅኩህን መልስልኝ። ምን ይሆናል አላልኩም። ለምን ነው ያልኩህ።»

ስልኩን ኪሱ ከትቶ ወጣ። የወጣው ግን ገብቶት አልነበረም። ለዓይኗ ሕክምና አንድ ሳምንት ስትተኛ ቁልፉን ከወገቧ ፈታ ሰጠችው፤ አንድ ልብስ ሲቆረጥ የዚያን ልብስ ልክ እያየ በብጣሽ እንዲጽፍላቸው። እሱ ደብተሩን ከመጀመሪያ ገጹ እስከ መጨረሻው ፎቶ አነሳና «የቤታችን ሥራ» ብሎ በስልክ በከፈተው ግሩፕ ውስጥ ለቀቀው። አሥራ አራት ሰው። ቆራጭዋ፣ እጅጌዋ፣ ዘምዛሚዋ፣ ተኳሹ፣ ልብስ አድራሹ፣ ውጪ በራሷ ቤት የምትሠራው ጠላፊ፣ ስልኩ የጋራቸው ስለሆነ የጠላፊዋ ባል፣ ጨርቅ ነጋዴው፣ የጨርቅ ነጋዴው ሻጮች፣ የሻጮቹ አለቃ ነኝ የሚለው አማቹ። እጅጌ ለመስፋት የሰው ጡት ማየት ምን ያደርጋል? ይህን ከአሥራ አራቱ አንድ ሰው እንኳ አልጠየቀም። ሁሉም አውራ ጣት ብቻ ላኩለት።

ሥራው ፈጠነ። እትዬ ልኬ ስትመለስ «ልኩ ስንት ነው?» እያለ የሚጣራ የለም። አንድ ዓይኗ ገና በፋሻ ነበር።

«ብጣሹን እየጻፍክ ትሰጣቸዋለህ?» አለችው።

«ሁሉም ይደርሳቸዋል» አላት።

ቃሉ ውሸት አልነበረም። የሚያበግነውም ይኸው ነው።

ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የመምህርቷ እናት ለራሳቸው ጨርቅ ሊገዙ ወደ ነጋዴው ሄዱ። ሰውየው ወሬ ይወዳል፤ ሰውም ይወዳል።

«ልጅዎ መምህርቷ አይደለችም እንዴ? እትዬ ልኬ ጋ የምታሰፋው?»

«አዎ፣ የኔ ናት።»

«እንግዲያው የሷን ነገር ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም!» ብሎ ስልኩን አወጣና በጣቱ ያገላብጥ ጀመር። «ይኸው። ቁመት፣ ትከሻ፣ ዳሌ። ጨርቁን የቆረጥኩላት ራሴ ነኝ። እ... ግራ ሙላ። ስፖንጁን ገዝተውላታል?»

«የምን ስፖንጅ?»

«የጡቱን ነዋ፣ እናቴ። የግራውን። የምንሸጠው ጥንድ ጥንዱን ነበር፤ ለእርስዎ ስል ግን አንዱን ለይቼ እሰጥዎታለሁ። ሁለተኛው ምን ያደርግላታል?»

ደግ የሠራ መስሎት ነበር። በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጣቸው።

እኔ በዚያን ሰዓት ቀሚስ ላሳጥር እትዬ ልኬ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። እናትየዋ ሲገቡ ፊታቸው አመድ መስሏል። ጋዜጣውን መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ፈቱት። የመዳፍ ያህል ክብ ስፖንጅ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

እትዬ ልኬ ጎንበስ ብላ አየችው። «ከየት አመጡት፣ እማማ?»

«ከጨርቅ ቤት። ‹የልጅዎ ነው› አለኝ። ‹ግራ ሙላ› አለኝ። ምን ማለት ነው? ንገሪኝ፣ ምን ማለት ነው? የፊተኛዋም በግራ ነበር የጀመራት።»

የስፌት መኪናዎቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ከዚያ ያየሁትን አልረሳውም። ቆራጭዋ አንገቷን ደፋች። እጅጌዋ አንገቷን ደፋች። ተኳሹ ካውያውን አቁሞ ወደ ግድግዳው ዞረ። እናትየዋ ሁሉንም ተራ በተራ ተመለከቱ።

«ታውቃላችሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ልብስ የሚተኩሰው ሳይቀር ያውቃል! እናቷ እኮ እኔ ነኝ!»

«እማማ፣ ይቀመጡ...»

«አልቀመጥም! ልጄ ትተርፋለች ወይስ አትተርፍም?»

«ይህን ልትነግርዎ የሚገባት እሷ ናት። ከኔ አፍ አይወጣም።»

«ካንቺ አፍ ካልወጣ ከየት ወጣ ታዲያ?»

እናትየዋ ስፖንጁን መልሰው ጠቅልለው፣ ደረታቸው ላይ ይዘውት ወጡ።

«ለጨርቅ ነጋዴ ማነው የሰጠው?» አለች እትዬ ልኬ። «ማነው አልኩ!» ድምጿ እንዲያ ከፍ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ተኳሹ ነው ስልኩን አውጥቶ ፊቷ የዘረጋላት። መነጽሯን አደረገች። የራሷ የእጅ ጽሕፈት ነበር፣ በሰው ስልክ ውስጥ።

ማናጀሩ እያፏጨ የገባው በዚህ መሐል ነው።

«አክስቴ፣ ምን ሆናችሁ? በሩ ድረስ ይሰማል እኮ። ሰው አለ።»

«ይስማ! ደብተሬን ለማን ነው የሰጠኸው?»

ነገሩ ሲገባው መጀመሪያ ደነገጠ፤ ወዲያው ግን አፉ ቀደመው። «ቁጥር እኮ ነው፣ አክስቴ። ሰባ፣ ሰማንያ፣ ዘጠና። ቁጥር ምን ሚስጥር አለው?»

«ቁጥር ነው?»

«ቁጥር ነዋ!»

ሜትሩን ከአንገቷ መዘዘችና ሳያስበው ወገቡን ጠመጠመችው።

«ወገብ መቶ ዘጠኝ!» ብላ ጮኸች። «ቀበቶው ዘጠና አምስት ይላል፣ ውሸቱን ነው!»

«አክስቴ! ምን ነካሽ?»

«ደረት ዘጠና ስድስት! ሆዱ ከደረቱ ቀድሟል፣ ጻፉ! ቁመትህን ልለካህ፣ ጫማህን አውልቅ። ተረከዝህ ሥር ምን እንደደረብክ የማላውቅ መሰለህ?»

ዘምዛሚዋ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። የተኳሹ ሳቅ በአፍንጫው አመለጠው።

«በሰው ፊት!» አለ ማናጀሩ፣ እስከ ጆሮው ቀልቶ። «በሰው ፊት ታዋርጂኛለሽ?»

«ምን አደረግኩህ? ቁጥር እኮ ነው።»

ልክ ልኩን ነገረችው ሲባል ዕድሜዬን ሙሉ ስሰማ ኖሬያለሁ። በሜትር ሲሆን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሳቁ ግን ቶሎ ሞተ። ሜትሩን መልሳ አንገቷ ላይ አደረገችና ፊቷን ከሁላችንም አዞረች። የዚያ የድሮው ልብስ ሰፊ ጩኸት ከገዛ ጉሮሮዋ ሲወጣ ሰምታው ይመስለኛል።

«አጥፋው» አለችው።

ጎንበስ ብሎ ስልኩን ነካካ። «ጠፍቷል። በቃ።»

«ከሁሉም ጠፋ?»

ተኳሹ ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ፣ የኔ ስልክ ራሱ ነው የሚያስቀምጠው። ከልጆቼ ፎቶ ጋር ተቀላቅሎ ገብቷል።» የእጅጌዋም እንደዚያው ነበር። የጠላፊዋ ባል ስልኩን ባለፈው ሳምንት ሸጦታል፣ ከነፎቶው። ጨርቅ ነጋዴው ደግሞ ለሻጮቹ እንዲመቻቸው አሳትሞ መደርደሪያው ጎን ለጥፎታል። እትዬ ልኬ በዚያው እግሯ ሄዳ ገንጥላ አነሳችው።

«እኔ ምን አጠፋሁ?» አላት ነጋዴው። «ሰጡኝ፣ ተቀበልኩ።»

«አንተ ጨርቅ ቆራጭ ነህ። ስንት ሜትር እንደምትቆርጥ ይነገርሃል። ከዚያ ያለፈው ቢሰጡህም ያንተ አይደለም!»

ከአሥራ አራቱ የዘጠኙን በዓይኗ እያየች አስጠፋች። የቀሩትን ማግኘት አልቻለችም። ዛሬም የት እንዳለ አይታወቅም፤ የኔም ወገብ እዚያው ውስጥ አለ።

በማግሥቱ መምህርቷ ከትምህርት ቤት በቀጥታ መጣች፣ ጣቶቿ ላይ ጠመኔ እንዳለ። አልተቀመጠችም።

«ላንቺ ብቻ ነበር የነገርኩት።»

እትዬ ልኬ «የእህቴ ልጅ ነው» አላለችም። «ዓይኔን ታምሜ ነበር» አላለችም። «አዎ» አለች። «ቁልፉን የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

«እናቴ አልጋ ላይ ናት። እያለቀሰች የምትጠራው የኔን ስም አይደለም፤ የእህቴን ነው። የጨርቅ ሻጯ ልጅ ደግሞ እኔ ክፍል ነው የምትማረው። ዛሬ መምህራን ክፍል ስገባ ወሬው ቆመ። የሒሳብ ክፍል ኃላፊው ‹ወንበር ላምጣልሽ› አለኝ። አሥራ ሁለት ዓመት አብረን ስንሠራ ወንበር አምጥቶልኝ አያውቅም!»

«ተቆጪኝ፣ ልጄ።»

«መቆጣቱንማ እቆጣለሁ! ባንቺ ብቻ ግን አይወጣልኝም። ይሄን ሁሉ ሰው ምን አገባው፣ እትዬ? ምን አገባው?»

እትዬ ልኬ መሳቢያውን ከፍታ ደብተሩን አወጣች። ስፌት መፍቻዋን አነሳችና የደብተሩን ጥራዝ ክር አንድ አንዱን በጠሰችው። የመምህርቷን ገጽ ላጥ አድርጋ አውጥታ ዘረጋችላት።

«ያንቺ ነው። ድሮውንም የኔ አልነበረም።»

መምህርቷ ተቀበለቻት። «ቀሚሱ ይቅርብኝ» ብላ ወጣች።

በዚያ ሳምንት ደብተሩ አለቀ። እትዬ ልኬ ሁላችንንም እየጠራች ምን እንደተፈጠረ ነገረችን፤ ይቅርታ ጠየቀችን፤ ገጻችንን አስታቀፈችን። አንዳንዷ ሰድባት ሄደች፣ ደግማም አልመጣችም። አንዷ ገጿን አይታ፣ «ውይ እትዬ፣ ይሄንን የት ልደብቀው? ባሌ ሌላ ሴት አገባሁ እንዴ ይላል!» አለችና እያሳቀችን አለቀሰች። ከእንግዲህ ልኩን የምትይዘው ባለልኳ ናት፤ ልብስ ስታዝ ይዛ ትመጣለች፣ ስትሄድ ይዛ ትሄዳለች። ሠራተኞቹም ወደ ብጣሻቸው ተመለሱ። ሥራው ዘገየ። ይዘግይ!

ይህን የምጽፈው መምህርቷ ራሷ «ጻፊው» ስላለችኝ ነው። ስሟን ግን እዚህ አታገኙትም፤ የማንንም አታገኙም። የመጨረሻው ምርመራ ውጤት ምን ሆነ የሚለኝ ሰው ካለ እኔም እንደ እትዬ ልኬ «ለምን?» እለዋለሁ።

ሠርጉ አራት ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት፣ እትዬ ልኬ ቀሚሱን በአንሶላ ጠቅልላ መምህርቷ ቤት ሄደች። የከፈቱላት እናትየዋ ናቸው።

«ደግሞ ምን ቀረሽ?» አሏት።

«ሥራዬ።»

እናትየዋ ግቢም አላሉ፣ ሂጂም አላሉ። በሩን እንደተከፈተ ትተውት ወደ ውስጥ ተመለሱ። ተከተለቻቸው። መምህርቷ ብዙ ጊዜ ቀሚሱን ከሩቅ ስታየው ቆየችና ለበሰችው። በአሥር ቀን ውስጥ ከስታ ጎኑ ሁሉ ሰፍቷት ነበር። እትዬ ልኬ ስፒሎቿን ነክሳ መሬት ላይ ተንበረከከች። ግራው ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ። እናትየዋ ወደ ጓዳ ገብተው ያንን ጋዜጣ ይዘው ወጡ።

«ይሄ ይሆናል?»

«ይሆናል፣ እማማ።»

«ይቅር ብዬሽ አይደለም።»

«አልጠየቅኩዎትም።»

እናትየዋ መስኮቱ አጠገብ ቆመው መርፌው ላይ ብርሃን እንዲወድቅ መጋረጃውን ያዙላት። ሲያልቅ እትዬ ልኬ አዲሱን ልክ በሹክሹክታ ለመምህርቷ ጆሮ ብቻ ነገረቻትና እርሳሷን ሰጠቻት። መምህርቷ በራሷ ገጽ ላይ፣ በራሷ እጅ ጻፈችው።

እትዬ ልኬ ወደ ሱቋ ስትመለስ ማናጀሩ አዲስ ደብተር ገዝቶ፣ በማስመሪያ መስመር እያሰመረ ጠበቃት።

«አክስቴ፣ አሁን በሥርዓት ነው የምይዘው። ለማንም አላሳይም፤ እኔ ብቻ ነኝ የማየው» አላት። «የመምህርቷ ልክ ስንት ሆነ? ልጻፈው።»

መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች።

«አንተ» አለችው፣ «መጀመሪያ ያንተን ልክ እወቅ።»